የቻይና ባህላዊ ሕክምና፦ የቱን እንሞክር? ከየቱ እንጠንቀቅ?

እህቶቼ፣ ወገቧን ወይ ትከሻዋን የማያማት ከመሃላችን የለችም። ስለዚህ «የቻይና መድኃኒት ልሞክር ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል።

ቻይናዎች በሰውነታችን ውስጥ «ቺ» የሚሉት ኃይል ይዘዋወራል፣ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ይታመማል ብለው ያምናሉ። መንገዱን ለመክፈት በቀጭን መርፌ ይወጋሉ፣ ያሻሉ፣ ከእኛ አሪቲ ጋር የሚዛመድ ቅጠል አጭሰው ቆዳ ያሞቃሉ፣ ቅጠልና ሥር ቀቅለው ያጠጣሉ። ዋግምትም አላቸው፤ እዚህ ዓረቦቹ ሒጃማ የሚሉት ማለት ነው። መርፌው የቆየ የወገብ ሕመም የሚያስታግስላቸው ሰዎች አሉ።

ቅጠሉም ከንቱ ነው አልልም። አገር ቤት ለወባ የምንውጠው ኮአርተም መነሻው የቻይና ቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ከጥንት መጽሐፍ ፍንጭ አግኝታ ደረሰችበት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። ግን እሱ ተመርምሮ፣ ተመጥኖ ነው መድኃኒት የሆነው። በ1990ዎቹ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠል ያለበት ኪኒን የዋጡ ብዙ ሴቶች ግን ኩላሊታቸው ተበላሽቷል።

እንግዲህ አደራ፦ ስም የሌለው ዱቄት አትዋጡ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የግፊት፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቁ ምንም አትጀምሩ። መርፌውም ምላጩም አዲስ ይሁን፣ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት።

ከወገብ ሕመሙ ጋር እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ግን ዋግምት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ማዳም እምቢ ካለች ለአንዳችን ደውሉ፤ ብቻችሁን አትቻሉት።