ላሟ ከመጣች በኋላ ያለው አንድ ዓመት

(በደብረ ታቦር ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ አዳዲስ ከብት አርቢዎች ሥራቸውን እንዴት ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት የመጀመሪያዋን ላሜን ገዝቼ በወለደች ጊዜ ጥጃዋ ሳምንት ሳይሞላት ሞተችብኝ። ላሟ በወለደች ዕለት እንገሩን አልበን አፈላነው፤ ለጎረቤት ልጆችም አዳረስን፤ ቤቱ የደስታ ቤት ሆነ። ጥጃዋ ግን ከዚያ እንገር የረባ ነገር አልደረሳትም። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልጄ፣ ምነው ቀድመህ ብትጠይቀኝ? እንገር አስቀድሞ የጥጃ ነው» አሉኝ። እንገር ጥጃን ከበሽታ የሚጠብቅ ኃይል እንዳለው፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ካልጠባው በኋላ ቢሰጠው እምብዛም እንደማይረዳው የተማርሁት ዘግይቼ ነው። እኚያ እናት ያውቁት ነበር። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ እርሳቸውም ሳይጠየቁ በሰው ከብት መግባት ነውር መሰላቸው።

የከብት ርባታ ሲባል በሰፊ መስክ ላይ የተሰማራ መንጋ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። በፋርጣም ሆነ በጋይንት ያለው ግን ሌላ ነው። ማሳው ጠባብ ነው፤ የግጦሽ መሬቱም እያነሰ ሄዷል። እዚህ አዲስ አርቢ ማለት በጓሮዋ አንዲት የተዳቀለች ላም ያሰረች መበለት ናት፤ ወይም ሁለት በሬ ገዝቶ ሦስት ወር ያህል ቀልቦ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ የሚያወጣ ወጣት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በጋይንት በኩል እስከ ጉና ግርጌ በደረሰ ጊዜ ከብታቸውን አጥተው እንደ አዲስ የጀመሩም ከመካከላቸው አሉ። እንዲህ ላለ ሰው አንዲት ላም የሀብቱ ሁሉ ድምር ናት። ላሟ ብትሞት ብድሩ አብሯት አይሞትም።

ሥልጠና አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሦስት ቀን ሥልጠና የሚሰጠው ላሟ ከመምጣቷ በፊት ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ከመጣች በኋላ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት። በነሐሴና በመስከረም በጤዛ የራሰ ለምለም ማገጥ አብዝታ የበላች ላም ሆዷ ሲነፋ ሐኪም እስኪመጣ የምትቆይበት ጊዜ የላትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ባለሙያው ቢፈልግም አይደርስም። በዚያ ሰዓት የሚደርሰው ጎረቤት ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ከእኛ ብዙዎቹ ላም የሚገዙት ወደ ወረታ ወርደው ነው። የፎገራ ላም መልካም ላም ናት፤ በጣና ዳር ያለውን ረግረግና ጎርፍ የለመደች ናት። ነገር ግን ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አምጥተን ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋው ብርድ ውስጥ እናስራታለን። ከረግረጉም የጉበት ትል ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ልምድ ያለው ሰው አብሮ ገበያ ቢወርድ ዓይኗን ገልጦ ያያል፤ ጡቷን በእጁ ይዳስሳል፤ አራቱም ጫፍ ወተት መስጠቱን ሳያልብ ገንዘብ አያስቆጥርም። ቤት እንደገባችም የትል መድኃኒት እንድታገኝ ያሳስባል። አዲሱ ገዢ ግን የሚያየው ቀንዷንና መልኳን ነው።

የገበያውም ነገር እንዲሁ ነው። በአገራችን በጾም ወራት ወተት ገዢ ያጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሆኖም ላሟን ከዚህ ጋር አስተካክሎ የሚያስጠቃ ስንቱ ነው? ሐምሌ ላይ የተጠቃች ላም ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች፤ ይኸውም ጾሙ አልቆ ወተት በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ሚያዝያ ድርቆሽ የሚያልቅበት ወር ነው። ስለዚህ የሐምሌው ውሳኔ የጥቅምትን ሥራ ይጠይቃል፤ ሣሩ ሳይደርቅ አጭዶ መከመር፣ ከፎገራ የሩዝ ገለባ ማስመጣት፣ በአጥር ዳር ትሪ ሉሰርን መትከል። ላም ኮርማ መፈለጓ ጠዋት ከታየ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየ በማግሥቱ ጠዋት ማስጠቃት እንደሚገባ በሥልጠና ተነግሮናል። ምልክቱን ግን ዓይን እስኪለምደው ድረስ ሌላ ሰው አብሮ ማየት አለበት። አንድ ጊዜ ያመለጠ ምልክት ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል፤ ላሟ በእነዚያ ሳምንታት መብላቷን አታቆምም።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህ ከተማ አጠገብ ጋፋት ላይ ወጣቶችን ከአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር አቆራኝተው ብረት ሥራ እንዲማሩ አድርገዋል። የገበሬው የርቢ ውልም አለ። ላም ያለው ሰው ለሌለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀልባል፣ ወተቱንና ፋንድያውን ይጠቀማል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። በዚህ ውል ውስጥ እኔ የምወደው አንድ ነገር አለ። ባለ ላሙ በየጊዜው ይመጣል! ጥጃው የእርሱም ስለሆነ በረቱን ያያል፤ ይቆጣል፤ ያስተምራል። ዳን ዌስት የሚባል የብሬዝረን ቤተ ክርስቲያን ሰው የጀመረው፣ ዛሬ ሃይፈር ኢንተርናሽናል የሚባለው ሥራ በ1944 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ጊደሮች ወደ ፖርቶ ሪኮ ሲልክ፣ የተቀበለ ሁሉ የመጀመሪያዋን እንስት ጥጃ ለሌላ ቤተሰብ እንዲያሳልፍ ይጠይቅ ነበር። በዚያም ሰጪና ተቀባይን የምታስተሳስር ጥጃ አለች።

የእኛ ጉድለት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከዚህ ላይ ነው። ላሟን እንሰጣለን፤ ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ መዝገብ እንዘጋለን። መካሪ ስንመድብም ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ንግግር የሚያውቀውን ሰው ነው። ከሚናገረው ይልቅ በረቱ ንጹሕ የሆነውን፣ ጥጆቹ ያደጉለትን እንፈልግ። በአብዛኛው ቤት የምታልበውና ጥጃ የምታጠባው ሴት ናትና፣ መካሪዎቹ ሁሉ ወንዶች ከሆኑ ግማሹ ዕውቀት ከውጭ ቀረ ማለት ነው። መኖ ነጋዴ የሆነ መካሪም አለ፤ ምክሩ ሁሉ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ግዢ የሚያልቅ ከሆነ ልንጠነቀቅ ይገባል። ደግሞም መካሪ ጌታ አይደለም። አዲሱ አርቢ በራሱ ላም ላይ ራሱ እንዲወስን ካልተተወ፣ በሁለተኛው ዓመት ብቻውን ሊቆም አይችልም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ላም ለሚቀበል ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በእግር አሥር ደቂቃ ርቀት ውስጥ የሚኖር አንድ መካሪ፣ ወይም አንዲት መካሪ፣ ይሰየም። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ እስክትወልድ በወር ሁለት ጊዜ በረቱን ይይ። በወለደችበት ሌሊት እዚያው ይገኝ። ጥጃዋ በስድስት ወሯ በሕይወት ካለች መካሪው ከፕሮጀክቱ ለበረቱ አንድ ነገር ይቀበል፤ ቆርቆሮም ቢሆን፣ የመኖ ዘርም ቢሆን። ከሞተች ሁለቱ ቤተሰቦች ከሠራተኛው ጋር ተቀምጠው ምክንያቱን ይነጋገሩ፤ መዝገቡም ላይ ይጻፍ። የተቀባዮቹ ስም ዝርዝር በጠረጴዛው ላይ አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ባዶ መስመር ተትቷል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የየአጥቢያችሁን መካሪዎች ስም ጻፉበት።