የፋፈንና የጀረር ዳር ደለል አፈር፦ ጥልቀቱና የተደቀነበት አደጋ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራትና ለአካባቢው የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ካፒታል፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትራክተር ነው። ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ጥቂት ደቂቃ የሚሰጠው ለአፈር ይሆናል። ያውም ለአፈር ሁሉ ሳይሆን፣ ከጅጅጋ አካባቢ ተነስተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚወርዱት በፋፈንና በጀረር ወንዞች ግራና ቀኝ ለተዘረጋው ጥልቅ ደለል አፈር ነው። በቀድሞው ጅጅጋ ዞን፣ በዛሬው ፋፈን ዞን፣ በቆሎና ማሽላ በደህና ዓመት ደረቱን ነፍቶ የሚታየው በዚህ አፈር ላይ ነው። በዓይን እያዩ ወደ ቦረቦር እየተናደ የሚሄደውም ይኸው አፈር ነው።

በመጀመሪያ ይህ አፈር ከየት መጣ የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ፋፈን የሚነሳው ከሐረር በስተምሥራቅ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ይሞላል፣ ሲያባራ አሸዋውን ትቶ ይደርቃል፣ ከሸበሌ ጋር የሚገናኘውም ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ ብቻ ነው። ጀረር ደግሞ ከጅጅጋ አካባቢ ተነስቶ በደገሐቡር በኩል ይወርዳል። እንዲህ ያለ ወንዝ ሲሞላ ከዳርቻው አልፎ ይንጣለላል። ውሃው ሲንጣለል ጉልበቱ ስለሚደክም መጀመሪያ ጠጠሩንና አሸዋውን ይጥላል፣ ቀጥሎ እንደ ዱቄት የላመውን ደለል ያሰፍራል። ይህ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ጥልቀት ያለው፣ ድንጋይ የሌለበት አፈር ይከማቻል። ከዚያ ወንዙ በራሱ ጊዜ ወለሉን እየቆረጠ ወደ ታች ሲወርድ፣ የድሮው ደለል ሜዳ ከፍ ብሎ እንደ ቤት መደብ ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ሁለት ሦስት መደብ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድሮ ይታያል። ከላይ ያለው መደብ በዕድሜ ከሁሉም የቆየው ነው። ጎርፍ አሁን የሚደርስበትም የታችኛው ብቻ ነው።

ደለሉ መሬት የሆነው ግን በሣር ነው። ዳሬሞና ሌሎችም ሣሮች በዚህ መደብ ላይ በቅለው ሥራቸው በየዓመቱ በከፊል እየሞተ፣ እየበሰበሰ፣ የላይኛውን ክንድ ያህል አፈር አጥቁሮታል። አርሶ አደሩ ጥቁር መሬት ብሎ የሚያደንቀው የሣሩን የብዙ ዘመን ሥራ ነው። እዚህ ላይ ከዋልካው ጋር መምታታት የለበትም። በጅጅጋ ሜዳ ላይ ያለው ዋልካ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲርስ ደግሞ በጫማ ላይ ይከመራል። የወንዝ ዳሩ ደለል ግን ሲደርቅ በጣት መካከል እንደ ፉርኖ ዱቄት ይልማል፣ ሲርስ ይለሰልሳል እንጂ ብዙ አይጣበቅም።

የመሬቱን ዓይነት ለማወቅ ለሚፈልግ አባል ላቦራቶሪ ከመሄዱ በፊት የሚሠራው ቀላል ነገር አለ። በአንድ ሃይላንድ ላስቲክ እስከ ሲሶው ድረስ የተፈረፈረ አፈር ይጨመራል፣ ውሃ ይሞላል፣ ቁንጥር ኦሞ ተጨምሮ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ ሳይነካ ይቀመጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከታች የሚዘቅጠው አሸዋ ነው። በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት በላዩ የሚያርፈው ደለል ነው። በማግስቱም ውሃውን እንዳደፈረሰ የሚቆየው ሸክላው ነው። መካከለኛው ንብርብር ከሌሎቹ ወፍሮ ከታየ፣ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ያንን ማሳ ይመለከታል።

የዚህ አፈር ትልቁ ሀብት ውሃ መያዙ ነው። ደለል የበዛበት አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለሰብል የሚሆን ውሃ ይይዛል፤ አሸዋማ አፈር ግን ብዙውን ጊዜ 100 እንኳ አይሞላም። ሚሊ ሜትር ሲባል ለብዙ ሰው ስለማይጨበጥ በብርካ ማስላት ይሻላል። የሐርሺንና የሐርተሼህ ነዋሪ ብርካን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ወንዝ በሌለበት በሀውድ ሜዳ ሰውና ከብት የሚኖረው በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። እንግዲህ 300 ሜትር ኩብ የምትይዝ ብርካ ትታሰብ። አንድ ሄክታር ደለል መሬት በአንድ ሜትር ጥልቀቱ ዝቅተኛውን ልክ 150 ሚሊ ሜትር ቢይዝ 1,500 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፣ ማለትም አምስት ብርካ። ሲሚንቶ የለበትም፣ የቁፋሮ ጉልበትም አልወጣበትም። ከዲራዕ ዝናብ በኋላ ከረን እስኪመጣ ባለው ደረቅ ጊዜ ማሽላው የሚቆየው ከዚህ ብርካ እየጠጣ ነው።

ስሌቱ በተቃራኒውም ይሠራል። ጎርፍ ከዚያው ሄክታር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ቢወስድ 300 ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አብሮ ይሄዳል። ያ በትክክል አንድ ብርካ ነው። ያውም የሄደው ሣሩ ያጠቆረው፣ ምግብ ያለበት የላይኛው አፈር ነው። በክብደት ለሚያስብ ደግሞ፣ ከአንድ ሄክታር ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ ወደ 125 ኩንታል ይመዝናል። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም። ማንም ገበሬ ከማሳው 125 ኩንታል በአንድ ክረምት ተጭኖ መሄዱን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ደለል ለምን ይህን ያህል በቀላሉ ይታጠባል? አሸዋ ከባድ ስለሆነ ውሃ ለማንሳት ይቸገራል። ሸክላ እርስ በርሱ ይያያዛል። ደለል ግን ክብደትም መያያዣም የለውም። ሣሩ እስካለ ድረስ ሥሩ ይይዘዋል፤ ሣሩ ሲነሳ የሚይዘው ነገር የለም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ላዩን ይመታና እንደ ቅርፊት ያደርቀዋል፣ ከዚያ የሚመጣው ውሃ ወደ ውስጥ መግባት ትቶ ላይ ላዩን ይፈሳል። በዚህ ቅርፊት ምክንያት ቡቃያ መውጣት አቅቶት ደግመው የዘሩ አባላት ብዙዎች ናቸው፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ በዘሩ ላይ ሲላከክ ይሰማል እንጂ አፈሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ከሁሉም የከፋው ቦረቦር ነው። ቦረቦር የሚጀምረው ከወንዙ ግድግዳ ነው። ከላይ የሚመጣ ጎርፍ በመደቡ ጠርዝ ላይ ሲወድቅ እግሩን ይቦረቡራል፣ ላዩ ይናዳል፣ ጫፉ ወደ ማሳው እየገሰገሰ ይገባል። በዚህ አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለ፤ ውሃ በስንጥቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ዋሻ ይሠራል። ከጠርዙ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ የቀበሮ ጉድጓድ የመሰለ ቀዳዳ ከታየ የቀበሮ ላይሆን ይችላል። ከብትም ትራክተርም በዚያ ላይ ማለፍ የለበትም።

ጎርፉን አንድ ቦታ የሚሰበስበው ብዙ ነገር ነው። ከመንገድ ቱቦ የሚወጣ ውሃ ማረፊያ ሳይዘጋጅለት ወደ ማሳ ይለቀቃል። ከብትና ግመል ወደ ውሃ የሚወርዱበት መንገድ በሰኮና ይጎደጉዳል። የማሳ ድንበር ቁልቁል ይሠመራል። እዚህ ላይ ደስ ባይልም መነገር ያለበት የትራክተሩ ነገር ነው። በጅጅጋ ሜዳ በትራክተር ማረስ የተለመደ ነው፣ ጊዜ መቆጠቡም የሚካድ አይደለም። ሆኖም ሾፌር መታጠፍ ስለማይወድ ረጅሙን አቅጣጫ ይመርጣል፤ ረጅሙ አቅጣጫ በብዙ ማሳ ላይ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነው። እያንዳንዱ ትልም ቦይ ሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ድረስ ይታረሳል፣ ለአንድና ለሁለት ኩንታል በቆሎ ሲባል። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት የሚያርስ ዲስክም ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ይፈጥራል። ቀጭን ፌሮ ወደ እርጥብ አፈር ሲገፋ ስንዝር ያህል ገብቶ ድንገት ከተያዘ ችግሩ ይኸው ነው፤ አምስቱ ብርካ በክዳን ተዘግቷል።

ይህ አካባቢ ስለ ሣርና ስለ መሬት ሲታሰብበት የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው ሦስተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ከሦስቱ የግጦሽ ልማት ክፍሎቹ አንዱን ያቋቋመው ለጅጅጋ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም የነበረው ጦርነት ግን ሥራውን አደናቀፈ። በ1980 ዓ.ም ከሶማሊያ የፈለሱ ስደተኞች ሐርተሼህ ሰፈሩ። ካምፑ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ሰው የያዘ፣ በዓለም ትልቁ የስደተኛ ካምፕ የተባለ ሲሆን በ1996 ዓ.ም ተዘግቷል። ያን ያህል ሕዝብ ማገዶም ምሰሶም ያስፈልገው ነበርና በዙሪያው የነበረው ዛፍ መመናመኑ የማይቀር ነበር። ቅንጬ አረምም፣ በዚህ አካባቢ ካሊጊኖሌ የሚባለው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ ሣሩ የለቀቀውን ባዶ ቦታ ሁሉ ይዟል። ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ባለበት ግን እንዲህ አይደፍርም።

በሌላው ዓለምም ሆኗል። በአሜሪካ የሣር ሜዳዎች ላይ በትራክተር ሰፊ መሬት ተገልብጦ ከታረሰ በኋላ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ሲመጣ አፈሩ በነፋስ ተነስቶ ቀኑን አጨለመው። መንግሥቱ በ1935 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለማቋቋም የተገደደው ከዚያ በኋላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲቀር ምን እንደደረሰ ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልግም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ከትራክተሩ መጀመር ይቻላል፤ ምክንያቱም ይህ በዩኒየኑና በማኅበራቱ እጅ ነው። የኪራይ ውሉ ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ይበቃል። አንደኛ፣ ዳገት ባለው ማሳ ላይ እርሻው አግድም ይሆናል። አግድሙን ለማወቅ በሦስት እንጨትና በክር የሚሠራ ኤ-ፍሬም በቂ ነው። ሁለተኛ፣ ከወንዝና ከቦረቦር ጠርዝ ቢያንስ 20 ሜትር ያህል ሳይታረስ ለሣር ይተዋል። አንዳንዱ አባል መሬት ተወሰደብኝ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ያ ሣር ታጭዶ ይሸጣል ወይም ለጥገት ላም ይሆናል፤ በጂላል የአንድ ሸክም ሣር ዋጋ ስንት እንደሚደርስ ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። የበቆሎ አገዳውንም ከማሳው ሙሉ በሙሉ ማንሳት ቀርቶ በከፊል መተው፣ በየበረቱ የሚከመረውን ፍግ ማሳ ላይ መበተን ቅርፊቱን ይሰብረዋል። ዩሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ ላዩ ላይ በትነው መሄድ የለባቸውም። የዚህ አካባቢ አፈር በኖራ ድንጋይ የበለፀገ በመሆኑ ላዩ ላይ የቀረ ዩሪያ በጋዝ መልክ ወደ አየር ይሄዳል፤ በአፈር መሸፈን አለበት።

የቦረቦር ሥራ ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት በቀጥታ ቦረቦሩ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ መደርደር ነው፤ ለፎቶ ያምራል፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ግን ይሄዳል። መቅደም ያለበት ከላይ ያለው ነው። የመጣውን ውሃ በመቀልበሻ ቦይ ሣር ወዳለበት መምራት፣ ተፋሰሱን በእርከን መያዝ፣ ቦታውን ከከብት ንክኪ መከለል ይቀድማል። ከዚያ የቦረቦሩ ራስ ቀጥ ያለው ግድግዳ ተጠርቦ እንዲያዘቀዝቅ ይደረግና ሣር ይተከልበታል። ክትሩ በመጨረሻ ይመጣል። ደለል ላይ የሚሠራ ክትር ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልገቡ ውሃው በጎን ይዞረዋል። ከፊቱም ውሃው የሚወድቅበት የድንጋይ ምንጣፍ ከሌለ ከሥሩ ይቦረቦራል። የታችኛው ክትር ውሃ ማሳለፊያ ከላይኛው ክትር እግር ጋር በእኩል ከፍታ እንዲሆን ሆኖ ነው የሚደረደረው።

ሰፋ ያለ አቅም ሲገኝ ደግሞ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በ2000ዎቹ ዓመታት የተሠሩት ዓይነት ጎርፍ አሰራጭ ግድቦች አሉ። እነዚህ ውሃውን አያቁሩም፤ ከቦረቦሩ አውጥተው ግራና ቀኝ በመደቡ ላይ በቀስታ ያንጣልሉታል፤ ወንዙ ድሮ ሲሠራ የነበረውን ሥራ መልሰው ያሠሩታል ማለት ነው። ደለሉም በየጎርፉ እንደገና ይሰፍራል።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል፤ እርሱም ክልል ነው። በሐርሺን፣ በቀብሪበያህና በጅጅጋ ዙሪያ የጋራ ግጦሽን በእሾህ አጥሮ የግል ማድረግ ከተጀመረ ቆይቷል። ያጠረው ሰው ሣሩ እንደሚያገግምለት ያያል፤ እውነት ነው፣ ያገግማል። ያላጠረው አርብቶ አደር ግን ወደ ውሃ የሚሄድበት መተላለፊያ ይጠብበታል፣ መንጋው ሁሉ በአንድ ቀጭን መንገድ ይወርዳል፣ ያ መንገድ በሁለት በሦስት ዓመት ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም ተመልሶ የታጠረውን መሬት ይበላል። ስለዚህ ከብት የሚወርድባቸው መተላለፊያዎች ሰፋ ብለው፣ መውረጃቸው በድንጋይ ተነጥፎ፣ በየቀበሌው በሽማግሌዎች ስምምነት መወሰን አለባቸው። ይህንን ማኅበር ብቻውን ወይም ወረዳ ብቻውን አይሠራውም። ዲራዕ ከመግባቱ በፊት፣ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ፣ የየማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የቀበሌው ሽማግሌዎችና የወረዳው ባለሙያ አንድ ላይ ወንዙን ይዘው በእግር ቢሄዱ፣ የትኛው መውረጃ ይቅር፣ የትኛው ይነጠፍ የሚለው በአንድ ቀን ይለያል።