ወራጅ አለ!

(በዘንድሮው የመገናኘት በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ፣ በመኪና ጉዞ ላይ ስለሚነሳ የተፈጥሮ ፎቶ ተናገር ስባል፣ ከእኔ የተሻለ ካሜራ ያለው ሞልቶ ምነው እኔ አልኩ። ለማንኛውም መስከረም ላይ ስምንት ሆነን በጎጃም መንገድ ስለተጓዝን ከዚያው ልነሳ።

ከካሜራው በፊት ሹፌሩ ይቀድማል። ሹፌር መድረስ ይፈልጋል፣ ፎቶ አንሺ ደግሞ መቆም። ስለዚህ ሳንነሳ በፊት ተስማማን፤ አንዱ "ወራጅ አለ!" ካለ ሹፌሩ ሰፋ ያለ ዳር ሲያገኝ ይቆማል፣ ኩርባ ላይ ግን በፍጹም። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት የምታውቁት ምክንያቱን አትጠይቁኝም። በመስኮት በኩል አነሳለሁ የሚል ካለ ደግሞ የሚያገኘው የመስታወቱን ነጸብራቅ ነው።

ቀጥሎ ብርሃን። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ያ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን ቶሎ ያልቃል። 3 ሰዓት ካለፈ ጥላው ያጥርና ገደሉ ዝርግ ይመስላል። ለዚህ ብለን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎሐ ጽዮን አደርን። (ጎሕ በግዕዝ ንጋት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው ጠርዙ ላይ ማልዶ ቆሞ መሆን አለበት።) መስከረምን የመረጥነውም ክረምቱ አቧራውን አጥቦት አየሩ ጥርት ስለሚል ነው፤ አደዩ ምርቃት ነው።

ከጠርዙ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ታች ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። ኖራ ድንጋዩ ይህ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን የተነባበረ ነው። የጎን ብርሃን ሲያርፍበት ንብርብሩ አንድ በአንድ ይለያል። ፎቶው ውስጥ አንድ ተሳቢ ወይም አንድ ሰው ይግባ፤ አለዚያ ያ ሁሉ ገደል የጓሮ ቦይ ይመስላል። ድልድዩን ግን ተዉት፣ ጠባቂዎቹ አይፈቅዱም። ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን በመስክ ጉዞ የተነሳ አንድ ፎቶ ይዤ ነበር፤ ያነሳው ጓደኛችን ዛሬ በመካከላችን የለም። ጀርባው ላይ "ዓባይ በረሃ" ብቻ ይላል። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ቆሜ ላንሳ ብዬ ግማሽ ሰዓት ተንከራተትን። በኋላ አህዮች እየነዱ የመጡ አንድ አባት አየት አደረጉትና "ይቺ ድንጋይማ ያቻትና" ብለው በበትራቸው አሳዩን። እውነትም ያቻት። ከድንጋዩ በላይ ያኔ ጨፌ የነበረው ዛሬ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በስተግራ ደግሞ ያኔ ያልነበረ ቦረቦር ወርዷል። "እሱ ወንድሜን ግማሽ ማሳ በልቶታል" አሉን። ፎቶውን ደጋግመው አዩት። በስልኬ ላንሳዎት ብዬ ስጠይቃቸው ድንጋዩዋ አጠገብ ቆሙልኝ።

ይህ ሥራ እንደ ቀልድ አይታይም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅየማዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ ከዚያው ነጥብ ላይ ቆመው እንደገና አነሷቸው። በአብዛኞቹ ላይ ዛፉ ከያኔው በዝቶ ተገኘ። "ድሮ ሁሉም ደን ነበር" እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ደንገጥ ያደርጋል። የኛዋ ፎቶ ደግሞ ዛፉም በዝቶ፣ መሬቱም ተቦርቡሮ አሳየችን። ሁለቱንም የምናውቀው አንድ ልጅ በተማሪነት ገንዘቡ ፊልም ስለገዛ ነው።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያሉትን የመስክ ጉዞ ፎቶዎች አውጡ። እናንተ ራሳችሁ የምትሳሳቁባቸውን ሳይሆን ከኋላችሁ ተራራ የሚታይባቸውን። ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ወሩን ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ በእስክሪብቶ ከሆነ ወደ ፊት ያልፋል። ለኮሚቴው ስጡት፣ ገልብጠን እንመልሳለን። የሚቀጥለው መስከረም ላይ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ ጠዋት 11 ሰዓት መነሳት የሚችል ይመዝገብ።

እስቲ መብራቱን አጥፉልኝና ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ላሳያችሁ።