ይግባኝና የተበዳይዋ መዝገብ



የዛሬው ንግግራችን በአስገድዶ መድፈር ወንጀል የተፈረደበት ሰው ስለሚያቀርበው ይግባኝ ነው። ነገሩ የዳኞችና የጠበቆች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን፤ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ድርሻ አላችሁና።

የዱራሜ ሰው ይህን በደል በሚገባ ያውቀዋል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ያቋቋሙት ማኅበር ከዚያች ከተማ ተነሥቶ፣ ጠለፋና ግርዛት እንዲቀር የከምባታን ሕዝብ በየቀበሌው አወያይቷል። ዳሩ ግን ሕዝብ መክሮ የነቀለውን በደል ያልተሟላ መዝገብ መልሶ ሊተክለው ይችላል። ለዚህም በአርሲ የሆነው ነገር ማስረጃ ነው።

በ1993 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው በዋስ ከተለቀቀ በኋላ እንደገና ጠልፎ በጋብቻ ውል ላይ በግድ አስፈረማት። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የወረዳው ፍርድ ቤት ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ አራት ግብረ አበሮቹንም በ8 ዓመት እሥራት ቀጣ። ነገር ግን በኅዳር 1996 ዓ.ም. የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በፈቃዷ የተፈጸመ ይመስላል በማለት ፍርዱን ሽሮ ሁሉንም ለቀቀ። ወደ በላይ ፍርድ ቤቶች የቀረበው አቤቱታም ውድቅ ሆነ። በመጨረሻ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቱን የመጠበቅ ግዴታውን አልተወጣም ብሎ፣ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ልጅቱ ፍትሕ ስትፈልግ ከ14 ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው።

ታዲያ ይግባኝ ይቅር እንበልን? አይገባም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ይህን መብት አረጋግጧል። ዳኛም ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ያለ ጥፋቱ የታሠረ ሰው የሚድነው በይግባኝ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአባቶች ቃል ግን ለተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተበዳይዋም የተነገረ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ዳኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የተጻፈውን መዝገብ እንጂ ተበዳይዋን ፊት ለፊት አይደለም። በመዝገቡ ላይ «አልጮኸችም» ተብሎ ሰፍሮ፣ ለምን እንዳልጮኸች ካልተጻፈ፣ ፍርሃቷ እንደ ፈቃድ ይቆጠርባታል። ስለዚህ ቃል የምትቀበል ፖሊስ ሆይ፣ ዛቻውንም ጻፍ። የጤና ባለሙያ ሆይ፣ የመረመርክበትን ቀንና ያየኸውን ምልክት ሳታጓድል አስፍር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆይ፣ የፍርዱን ግልባጭ አታዘግይ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ ማስታወቂያ 15 ቀን፣ ግልባጩ ከደረሰ በኋላም ለማመልከቻው 30 ቀን ብቻ የወሰነው ነገሩ እንዳይጓተት ነው። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ በተባለ ጊዜ ተበዳይዋ እንድታውቀው ያድርግ።

አንድ መስመር ሲጎድል፣ የጎደለው ቀለም አይደለም፤ የሰው ልጅ ክብር ነው።