ደብተሩ በሰኔ አይዘጋ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሰቆጣ ልጆች ክረምት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ተከተለ። ያን ጊዜ በዋግ ገጠር ሬዲዮ በሌለበት ቤት መምህሩ ፊደል የለየ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ነበር።

ልማዱ ዛሬም ይጠቅመናል፤ የምንፈራው ክረምቱን ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ልጅ እረኛ ነው፣ አራሚ ነው። ገና ማንበብ የጀመረ ልጅ ሁለት ወር ደብተር ሳይገልጥ ከከረመ በመስከረም ብዙውን ረስቶት ይመጣል፤ አፍሮ የሚቀርም አለ።

ወላጆችን የምንለምነው ጥቂት ነው። በሰኔ መጨረሻ ልጁ የተማረውን ለቤተ ሰቡ ጮክ ብሎ ያንብብና ዓመቱ በዚያ ይዘጋ፤ ከዚያ ጥቂት ቀን ይረፍ። በክረምቱ ማታ ማታ ፍየሎቹን ይቁጠር፤ ስንት ወጡ፣ ስንት ገቡ፣ ስንት ጎደሉ? ሒሳብ ማለት ይህ አይደለምን? አያት በኽምጣና ተረት ሲነግሩም ሁለት ሦስት ቃል ይጻፍ፤ ኽምጣና ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ነው። ማንበብ የማትችል እናትም «እስቲ አንብብልኝ» ማለት ትችላለች፤ ልጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያተጋው ይህ ይመስለናል።

እናንተንም የምንለምነው ደብተሩና እርሳሱ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ በሰኔ እንዲደርስልን ነው። በመስከረም ሲመጣ ክረምቱ አልፏል።