ስጦታው ዕዳ ሲሆን፦ ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን የድኅረ ምረቃ ሥልጠና የሚመደበው የሕዝብ ገንዘብ



የአሜሪካ መንግሥት ለመምህራን ሥልጠና ገንዘብ ማውጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለኮሌጅ ተማሪዎች ብድር ይሰጥ ነበር። ተበዳሪው መምህር ከሆነ በየዓመቱ ከዕዳው ከመቶ 10 እየተሰረዘለት በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሹ ይቀልለት ነበር። ሰውዬው ገና ሲፈርም ዕዳ እንዳለበት ያውቃል፤ ባገለገለ ቁጥርም ዕዳው ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ቲች ግራንት ይህን አካሄድ ገልብጦታል። ገንዘቡ በስም ስጦታ ነው፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር፣ ለማስተርስ ተማሪ በጠቅላላው እስከ 8,000 ዶላር ይደርሳል። ተቀባዩ ትምህርቱን በጨረሰ በስምንት ዓመት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን እጥረት ባለበት የትምህርት ዓይነት አራት ዓመት ማስተማር አለበት። ሒሳብና ሳይንስ ከእነዚህ የትምህርት ዓይነቶች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። ግዴታውን ካልፈጸመ ግን ስጦታው ወደ ብድር ይለወጣል፤ ወለዱም የሚታሰበው ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው። ሦስት ዓመት አስተምሮ በአራተኛው ያቋረጠና አንድ ቀን እንኳ ያላስተማረ ሰው እኩል ይቀጣሉ። በአማርኛ ስጦታ የተባለ ነገር ወለድ አይቆጠርበትም፤ የዚህን ውል ጠባይ በትክክል የሚገልጸው «ሁኔታዊ ብድር» የሚለው ስም ነው።

ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። የኮንግረስ የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከተቀባዮቹ ሲሶ የሚያህሉት ስጦታቸው ወደ ብድር ተለውጦባቸው ነበር፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የተለወጠባቸው በስሕተት ነበር። ዓመታዊውን የማረጋገጫ ቅጽ በማዘግየታቸው ብቻ ባለዕዳ የሆኑ፣ ክፍል ውስጥ ቆመው የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ይህን አስተካክሏል። የወለዱና «ሁሉም ወይም ምንም» የሚለው ቅጣት ግን እንዳለ ነው።

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያውያንን ማኅበረሰብ በቀጥታ ይነካል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በምሕንድስና ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመርቀው ታክሲ የሚነዱ ወይም መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፊዚክስ መምህር አጥተው ይፈልጋሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ የማስተማር ፈቃድ የሚያስገኝ የማስተርስ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ቲች ግራንት አማካይ ውጤት 3.25 ወይም በመግቢያ ፈተና ከሩብ ያልበለጡ ተፈታኞች የሚደርሱበትን ነጥብ ይጠይቃል። ነጥብ በስስት በሚሰጥበት የምሕንድስና ክፍል 2.8 ይዞ የወጣ ሰው በጎበዝነቱ አይታማም፤ በዚህ መስፈርት ግን ይወድቃል። ሕጉ ከውጤት መስፈርቱ ነፃ የሚያደርገው መምህር የሆነን ወይም ከሌላ ሙያ «ጡረታ የወጣን» ባለሙያ ነው። የአርባ ዓመቱ መሐንዲስ ጡረታ አልወጣም፤ ልጆች እያሳደገ ነው። ይህን አንድ ቃል «ሙያ የሚለውጥ» በሚል መተካት ለኮንግረስ ከባድ ሥራ አይሆንም።

በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሥር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሕግ የጸደቀውና በኢንቴል መሥራች በሮበርት ኖይስ ስም የሚጠራው መርሐ ግብር በአሠራሩ የተሻለ ነው። ማስተርሱን ጨርሶ በችግረኛ ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምር ሰው ለአራት ዓመት በየዓመቱ ቢያንስ 10,000 ዶላር የደመወዝ ጭማሪ ይሰጣል፤ ቤተሰብ ያለውን ሰው የሚያቆየው ይህን የመሰለ ክፍያ ነው። ነገር ግን ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ ነው። ቲች ግራንት የሚቀበላቸው፣ ግሪን ካርዳቸውን የሚጠባበቁ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች እዚህ በር ላይ ይቀራሉ።

ሌላው ምንጭ ደርቋል ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲዎች እጩ መምህራንን እየከፈሉ በአሥራ ስምንት ወር ማስተርስ የሚያስይዙበትን ሥልጠና ጭምር ይደግፉ የነበሩ የትምህርት ሚኒስቴር ድጎማዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ተቋረጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ክርክሩ እስኪያበቃ ውሳኔው እንዲጸና ፈቀደ። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ደግሞ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድኅረ ምረቃ ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ይዘጋል። ስለዚህ ለአንድ እጩ የቲች ግራንት ውል ከቀደመው ጊዜ ይልቅ ማራኪ ሆኖ ይታየዋል፤ አደጋውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ለምክር ቤት ባልደረቦች የሚቀርበው ጥያቄ የ1958ቱ አሠራር እንዲመለስ ነው፦ ግዴታው በአገልግሎት ዘመን ልክ ይቀነስ፤ ሦስት ዓመት ያስተማረ ሰው የሩቡን ብቻ ይክፈል፤ ወለዱም ስጦታው ብድር ከሆነበት ቀን ይጀምር። የኖይስ መርሐ ግብርም ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች ይከፈት። ተሟጋቾች ግን ኮንግረስን ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ፤ የውሉን ግዴታዎች በአማርኛ አዘጋጅቶ፣ እጩው ከመፈረሙ በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በማኅበር አዳራሽ ማንበብና ማስረዳት።