ስለ ተማሮች ጨዋታና ስለ መንደር ዜና፤ በዋግ ላሉ መምህራንና ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ልጅ ሲጫወት ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ የፈታ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው የልጅ ጨዋታ ሁለተኛ ትምህርት ነው። ፊደል በሰሌዳ ላይ ዐይንንና አእምሮን ያሠለጥናል፤ ጨዋታ በሜዳ ላይ እግርንና ክንድን፥ ይልቁንም ጠባይን ያሠለጥናል። ትዕግሥትን በቃል ያጠና ልጅ በእርግጥ መማሩ የሚታወቀው በሩጫ ተቀድሞ ሳይቆጣ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ይህ ቃል በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት በደጋውም በቈላውም መንደሮች የተማሮች ጨዋታ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባ፥ የጨዋታውም ዜና እንዴት በእውነት ለሕዝብ ሊነገር እንደሚገባ ያመለክታል።

አንዳንድ ሰዎች፥ ስፖርት የሚባለው ነገር ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ልማድ ነው፥ ለእርሻና ለከብት የሚሆነውንም ጊዜ ያባክናል ይላሉ። የዚህ ነገር መልስ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። በልደት በዓል ወጣቱ ሁሉ ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይዞ፥ ሚና ለይቶ፥ ሩር እየመታ ገና ሲጫወት የኖረው ከአባቶቹ ተቀብሎ ነው። በዚያም ጨዋታ ጌታና ሎሌ ተደባልቀው ይጋፉ ነበር፤ ጌታም በዚያ ቀን እንዳይቆጣ በልማድ የታሰበ ነበር። ይህ ልማድ ሜዳ ሰውን ሁሉ እኩል እንደሚያደርግ የሚያስረዳ የአገር ሕግ ነው።

ደግሞም የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፥ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረዥም ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው፥ ከበሮ እየመቱ፥ እየዘፈኑና እየዘለሉ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ይህ በዓል በላስታ አሸንድዬ፥ በራያ ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ስትዘፍንና ስትዘል የምትውልን ልጅ፥ መቶ ሜትር ለመሮጥ ጉልበት የላትም የሚል ማን ነው? በቤተ ክርስቲያንም የአቋቋም ተማሪ መቋሚያና ጽናጽል ይዞ ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ያድራል፤ ሰውነቱን ሳያጸና ይህን ሊፈጽም አይችልም። እንግዲህ ሰውነትን ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው በሰዓትና በሜትር መለካቱ ብቻ ነው።

የአገሩም አቀማመጥ ራሱ ይረዳል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። በከፍታ ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በዚያ የሚያድግ ሰው ሰውነት በጥቂት አየር መሥራትን ይለምዳል፤ በደሙም ውስጥ አየርን የሚሸከመው ክፍል ይበዛል። የሩቅ ሩጫ ተወዳዳሪዎች ከሌላ አገር ሳይቀር ወደ ተራራማ ስፍራ ሄደው የሚለማመዱት ስለዚህ ነው። የዋግ ልጅ ግን ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ ዳገቱን ወጥቶ ቍልቍለቱን ወርዶ ትምህርት ቤት ሲደርስ፥ ሌሎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉትን ልምምድ ያለ ገንዘብ ፈጽሞታል።

የዚህም ምስክር በአገራችን ታሪክ የታወቀ ነው። በሸዋ ገጠር ከብት ሲጠብቅ ያደገው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በጳጉሜን 5 ቀን፥ በዐዲሱ ዓመት ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ ድሉን ደገመው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአርሲ ልጅ ሳለ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ደብተሩን በክንዱ አቅፎ ይሮጥ ነበር፤ በዓለም መድረክ ሲሮጥም አንዱን ክንዱን አጠፍ የሚያደርግበት ልማድ ከዚያ እንደ ቀረ ይነገራል።

ከሁሉ ይልቅ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው የበቆጂ ነገር ነው። በቆጂ በአርሲ ደጋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካል ማጐልመሻ መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹ ሲሮጡ እያየ፥ ተስፋ ያላቸውን እየለየ ማለማመድ ጀመረ። ከዚያች ከተማና ከዙሪያዋ ደራርቱ ቱሉ፥ ፋጡማ ሮባ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪቃ ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። ይህ ሁሉ የተጀመረው በብዙ ገንዘብ ወይም በታላቅ ሕንፃ አይደለም፤ ተማሮቹን ነቅቶ በሚመለከት በአንድ መምህር ነው።

ነገር ግን በዚህ ምሳሌ ማንም አይሳሳት። ከሺሕ ልጆች አንዱ እንኳ አበበን ወይም ደራርቱን ይሆናል ተብሎ ተስፋ ሊሰጥ አይገባም። የጨዋታ ጥቅም በአንዱ አሸናፊ ሳይሆን በቀሩት ላይ ነው። ልጅ የሚወደው ነገር ያለበትን ትምህርት ቤት በቀላሉ አይተውም። በዋግ ደግሞ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩ ነገሮች ብዙዎች ናቸው፤ እረኝነት አለ፥ ውኃ መቅዳት አለ፥ የመንገድ ርቀት አለ፥ ያለ ዕድሜ መዳር አለ፥ ከሁሉም በላይ ራብ አለ።

ስለ ራብ ሳይናገሩ ስለ ሩጫ መናገር በዚህ አገር አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰው ራብ በዋግ ያደረሰውን ጥፋት ሽማግሌዎች በዐይናቸው አይተዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ፥ ይህም እስከ 2030 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንዲፈጸም ቃል ሲገባ፥ ውጥኑን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን የመማር ኀይሉም ይጐዳል። ስለዚህ መምህሩ ጨዋታ ከማዘዙ አስቀድሞ፥ ልጆቹ ቁርስ በልተው እንደ መጡ ይጠይቅ። ያልበላውን ልጅ በሰው ፊት ሳያሳፍር ከሩጫው አሳርፎ፥ መስመር እንዲጠብቅ ወይም ውጤት እንዲጽፍ ያድርገው። ሽማግሌዎችም በጨዋታ ቀን ከየቤቱ ጥቂት ቆሎና ንጹሕ ውኃ እንዲመጣ ቢያደርጉ፥ ይህ ከማናቸውም ሽልማት ይበልጣል።

የጨዋታውም ወራት ተመርጦ ሊቈረጥ ይገባል። ክረምቱ የእርሻና የጭቃ ጊዜ ነው፤ ጐተራ በሚጐድልበት ወራትም የልጅ ጉልበት ይደክማል። የሚሻለው መከር ከገባ በኋላ፥ በታኅሣሥና በጥር ያለው ጊዜ ነው። ሰዓቱም ፀሐይ ሳይበረታ በጧት ይሁን። ሁለት ሰዓት መንገድ ተጕዞ የመጣ ልጅ ግን አስቀድሞ ይረፍ።

ሜዳ ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ድንጋዩ ይለቀም፤ ጕድጓዱ ይደፈን። በመካከል አንድ ካስማ ተክሎ 32 ሜትር በሆነ ገመድ ቢዞሩበት ዙሪያው 200 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አምስት ዙር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳው ጠባብ ቢሆን 16 ሜትር ገመድ 100 ሜትር ያህል ዙሪያ ይሰጣል። ይህን መለካት ራሱ የሒሳብ ትምህርት ነው። አበበ ቢቂላ በሮማ የሮጠው መንገድ በዚህ በ200 ሜትር ዙሪያ ስንት ዙር ይሆናል ብሎ መምህሩ ቢጠይቅ፥ ልጆቹ አካፍለው 211 ያህል መሆኑን ሲያገኙ ሒሳቡንም ታሪኩንም አይረሱትም። ኳስ ባይገኝ ከጨርቅ ተጠቅሎ በገመድ የታሰረ ኳስ ይበቃል።

ተማሮች በዕድሜ ሲከፈሉ የልደት ቀኑን የማያውቅ ብዙ ነውና በክፍልና በቁመት ይመደቡ። ሴቶች ልጆች የራሳቸው ሩጫ ይኑራቸው፤ ውጤታቸውም ከወንዶቹ እኩል ይጻፍ፥ እኩልም ይነገር። በሰው ፊት በስሟ ተጠርታ የተመሰገነች ልጅ፥ ወላጆቿ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት ሲያስቡ ሁለት ጊዜ ያስባሉ። መሮጥ የማይችል ልጅም ከጨዋታ አይለይ። በመሬት ላይ ጕድጓድ ተቈፍሮ ገበጣ ይጫወት፤ ገበጣ አስቦ መቍጠርን የሚያስተምር የአባቶች ጨዋታ ነውና በዚያም አሸናፊ ሊሆን ይችላል።

እረኝነትን በሚመለከት ለሽማግሌዎች አንድ ጕዳይ ቀርቧል። አንድ አባት ጥቂት በጎችና አንድ ልጅ ብቻ ቢኖሩት፥ ልጁን ለጨዋታ ቀን ልቀቅ ማለት በጎቹን ለጅብ ስጥ እንደ ማለት ይሆንበታል። እርሱን ክፉ አባት ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን አምስት ቤቶች ከብታቸውን በአንድነት አስማርተው አዋቂዎቹ በተራ ቢጠብቁ፥ አምስት ልጆች ነጻ ይወጣሉ። በእርሻ ደቦ የሚያውቅ ሕዝብ በእረኝነትም ደቦ ማድረግ አያቅተውም።

አሁን ደግሞ ስለ ጠብ መናገር ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጐድተዋል፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂም ብዙ ሰዎች ተፈናቅለው በሰቆጣ ተጠግተዋል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡ፥ ልዩ ልዩ ሐዘን ያዩ ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። መምህሩ ቡድን ሲከፍል ይህን መንደር ከዚያ መንደር ጋር አያጋጥም፤ የሁሉንም ልጆች ቀላቅሎ በዕጣ ይክፈል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የአፍሪቃን ዋንጫ ያገኘው የኢትዮጵያ ቡድን ከአዲስ አበባም ከአስመራም የመጡ ልጆች የነበሩበት ነው፤ በግብጾች ሁለት ጊዜ ተቀድሞ ሁለት ጊዜ አስተካከለ፥ በተጨማሪውም ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ይህን ያገኘው ከየት መጣህ ሳይባባል ኳሱን እርስ በርሱ ስለ ተቀባበለ ነው።

ዳኞች ሦስት ይሁኑ፤ አንድ መምህር፥ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ። ክርክር ቢነሣ በዚያው ሜዳ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈረድ፤ ወደ ቤት የተወሰደ የልጆች ክርክር የአባቶች ቂም ይሆናልና። ሽልማቱ ደብተርና እርሳስ ይሁን እንጂ ገንዘብ አይሁን።

የቀረው የዜናው ነገር ነው። ሰቆጣ ቀድሞ ከአፋር ቈላ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ስለ ነበረች፥ ወሬም ከነጋዴ ጋር እየመጣ ከነጋዴ ጋር ይሄድ ነበር። አዋጅ በነጋሪት፥ ሌላው ሁሉ በአፍ ይነገር ነበር። ዛሬ ሬዲዮና ስልክ በዝተዋል፤ ነገር ግን ወሬ በፈጠነ ቍጥር እውነቱ እንዲሁ አልፈጠነም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የተባለው ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በወር አንድ ጊዜ አንድ ገጽ የመንደር ዜና ጽፎ በበሩ ቢለጥፍ፥ በገበያም ቀን አንድ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነበው መልካም ነው። አማርኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች እንዲረዱት በኽምጣናም ይነበብ።

በዚያ ገጽ የሚጻፈው እንዲህ ይሁን። ጨዋታው በየትኛው ቀንና በየት ተደረገ፤ ስንት ወንዶች፥ ስንት ሴቶች ተካፈሉ፤ ማን ቀደመ፥ በስንት ደቂቃ፤ የተጐዳ ልጅ ቢኖር እንዴት ተረዳ፤ ክርክር ቢነሣ በምን ተፈረደ። የአባት ማዕረግና ሀብት አይጻፍ፤ የሮጠው ልጁ ነውና። የተሸነፈው አይሰደብ፤ የተሸነፈበትም አይሸሸግ። ያላዩትን አይጻፉ፤ የሰሙትን እንደ ሰሙ፥ ያዩትን እንዳዩ ለይተው ይጻፉ። ከጨዋታውም ቀጥሎ የክትባት ቀን፥ የጠፋ ከብት፥ የተበላሸ መንገድ፥ የገበያ ዋጋ፥ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ቍጥር ይጻፍ። የልጆቹ ስም ሳይጠራ ቍጥሩ ብቻ ቢነበብ ይበቃል። ባለፈው ወር አሥር፥ በዚህ ወር ሰባት ቀሩ ተብሎ በገበያ ሲነገር፥ የሰባቱን ቤት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ሄደውም ይጠይቃሉ።

እንግዲህ መምህራን ገመዱንና ካስማውን ያዘጋጁ፤ ሽማግሌዎች የእረኝነቱን ተራ ይደልድሉ፤ እናቶች ቆሎውን ይቍሉ። በመጪው ታኅሣሥ መከሩ ሲገባ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የጨዋታ ቀን ቢያደርግ፥ በማግሥቱም ስም ሲጠራ ስንት ልጆች አቤት እንዳሉ ይቈጠር። የሥራው ፍሬ የሚታወቀው በዚያ ቍጥር ነው።